ከታወቀ ቤት የመጣ ደም

ሳልደብቅ ልንገራችሁ፤ ሰልፋቴዝ የሚባለውን ቃል መጀመሪያ የሰማሁት ልብስ ሳሰጣ ነው። ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ "ሰልፋቴዝሽ አነሰ ተባልኩ" ስትለኝ፣ እኔ ደግሞ የዱቄት ሳሙና መስሎኝ "ከእኔ ውሰጂ፤ ግማሽ ካርቶን አለኝ፣ ቀለምም አያስለቅቅም" አልኳት። ያፈረች መስሎኝ ሮጬ ገብቼ ካርቶኑን ይዤላት ወጣሁ። መሳቅም ማልቀስም አቅቷት እንደቆመች ትዝ ሲለኝ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ይግላል።

ጎረቤቴ የሆስፒታል ላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። ታላቅ እህቷም እንዲሁ፤ እሷ የምትሠራው ሩቅ ከተማ፣ በዘር የሚወረስ በሽታ በሚመረመርበት ትልቅ ላቦራቶሪ ነው። የሚገናኙት በደብዳቤ ነው። ታናሿ ስልክ ላይ ስትናደድ ቃል አይወጣትም፣ የታላቋ ሥራ ቤት ደግሞ ስልክ በር ላይ ያስቀራል። ባለፈው ሳምንት ታናሿ ደብዳቤዎቹን ይዛልኝ መጣች። "አንብቢና ፍረጂኝ፤ ከፈለግሽ አትሚው፣ ስማችን ብቻ አይጠራ" አለችኝ። ታላቋም ተስማምታለች። ሁሉም ደብዳቤ አልተገኘም፤ መልሱ ኖሮ ጥያቄው የጠፋም አለ። የተገኘውን እነሆ።

ታናሿን እህቷ እንደምትጠራት ቁጡ እንበላት። አንዲት ሴት ደግሞ አስቀድሜ ላስተዋውቃችሁ። ቁጡ የምትሠራበት ላቦራቶሪ ኃላፊ ናት፤ ሠራተኛው በሹክሹክታ "ማጉያ" ይላታል፣ የሰው ጥፋት በእሷ ዓይን ሲታይ ቁንጫው ዝሆን ስለሚያክል። የቁጡ አማት ልትሆን የነበረችውም እሷው ናት፤ ልጇ እዚያው ሆስፒታል ራጅ ክፍል ይሠራል።

ጥቅምት 12

ቁጡዬ፣

እንዴት ሰነበትሽ አልልሽም፤ ከጽሕፈትሽ ይታያል። ወረቀቱን በስክሪብቶ በሳሽው እኮ።

መጀመሪያ ለጠየቅሽኝ። አይ፣ በዚህ የምትሞቺ አይመስለኝም። ግምት ነው፤ ስለዚህ ገና አትጨፍሪ።

እማዬን በምን ቋንቋ ላስረዳት ላልሽው፣ እንዲህ በያት። ሰውነት ያረጀ ነገር የሚያስወግደው እንደ ታሰረ ጥቅል ነው፤ መጀመሪያ ገመዱ መፈታት አለበት። ሰልፌት የሚባለው ቁራጭ ገመዱ ነው፣ ሰልፋቴዝ የሚባሉት ኢንዛይሞች ደግሞ ፈቺዎቹ። አሥራ ሰባት እህትማማቾች ናቸው፤ አንዷ ለቆዳ፣ አንዷ ለአጥንት፣ አንዷ ለነርቭ ልባስ፣ ሁሉም የየራሳቸው ጥቅል አላቸው። አንቺ ላይ አነሰች የተባለችው የነርቩ ናት። እሷ ጨርሳ ከጠፋች ያልተፈታው ጥቅል ነርቭ ላይ ይከመራል፤ የሚራመድ ልጅ ይወድቃል፣ የሚያወራው ዝም ይላል። እማዬ እዚህ ላይ ስትደርስ ታለቅሳለችና ቶሎ ብለሽ "እኔ ግን ይኸው ቆሜ እሄዳለሁ" በያት።

ሁለት ነገር ላኪልኝ። አንዱ ሌላ ደም ነው፤ ሁለተኛዋን እህት እለካበታለሁ። አሥራ ሰባቱንም ከእንቅልፍ የምትቀሰቅስ አንዲት ሌላ ኢንዛይም አለች፤ የታመመችው እሷ ከሆነች ሁሉም ተኝተው ይቀራሉ። ስለዚህ አንዷ ስታንስ ሌላዋን ሳይጠይቁ መፍረድ የለም። ሁለተኛው ሽንት ነው። ጥቅሉ ተከምሮ ከሆነ ሽንት ያወጣዋል። እናንተ ጋ ይህን ሳያዩ ነው የፈረዱብሽ?

እኔም ልጠይቅ። ውጤትሽን ከማን ሰማሽ? ካንቺ በፊትስ ማን ሰማው? ደብዳቤሽ ይህን ዘሎታል፤ አንቺ ደግሞ የምትዘዪው የሚያምሽን ነው።

ታላቅሽ

ጥቅምት 29

እታለሜ፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ። ደሙንና ሽንቱን በረዶ ውስጥ ከትቼ በአውቶቡስ ልኬዋለሁ። ሾፌሩ "ምንድን ነው?" ሲለኝ "ዓሣ" አልኩት፤ እባክሽ ሳይጠብሰው ተቀበዪው።

ቀለበቱ የት አለ ላልሽኝ፣ ባለቤቱ ጋ ነው። አውልቄ ሰጠሁት፣ እሱም ተቀበለ። ተቀበለ እኮ! ለይምሰል እንኳ እጁን ወደ ኋላ ቢያደርግ ምን ነበረበት? "እናቴ ናት፤ ምን ላድርግ?" አለኝ። ራጅ ክፍል ተቀምጦ የሰው ሆድ ዕቃ ሲያነሳ ይውላል፣ የራሱ ሐሞት የት እንደገባ ግን አያውቅም።

ውጤቴን ከማን እንደሰማሁ? አዲሱ ምርመራ ሲጀመር መለኪያ እንዲሆን ጤነኛ ሰው ደም ይስጥ ተባለ። የላቦራቶሪው ሠራተኛ ሁሉ ሰጠ፤ የኔ ብቻ ወረደ። ማጉያ ለእኔ አልነገረችኝም። በሻይ ሰዓት፣ ብርጭቆዋን እንደያዘች፣ ለጽዳቷም ለገንዘብ ያዡም "እግዜር ነው ያወጣን፤ ባዶ ደም ቤታችን ሊገባ ነበር" አለች። እኔ በሩ ላይ ነበርኩ፣ ስኳር ይዤ። ገብቼ ስኳሩን አስቀመጥኩላቸው። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው፤ ማስቀመጤ።

ከዚያ "ለራሷ ደኅንነት" ተብዬ ከመሣሪያው ተነሣሁ። አሁን ናሙና መቀበያ መስኮት ላይ ነኝ። ሰው ኩባያ ያቀብለኛል፣ እኔ ስም እለጥፋለሁ። እማዬ ደህና ናት፤ ብቻ ስራመድ እግሬን ታያለች። ውኃ ላመጣ ስነሣ እንኳ እግሬን ነው የምታየው።

ለፈጣሪ ስጪው ትዪኛለሽ። እሰጠዋለሁ፣ የድርሻዬን ስጨርስ።

ቁጡሽ

ኅዳር 20

ቁጡዬ፣

ቁጭ ብለሽ አንብቢ። ጤነኛ ነሽ።

ሁለተኛዋ እህት ሙሉ ናት። ሽንትሽ ውስጥ የተከመረ ነገር የለም። ዘረ መልሽንም አየነው፤ ያንቺ ኢንዛይም ቱቦ ውስጥ ሲለኳት አንሳ የምትታይ፣ ሰውነት ውስጥ ግን ሥራ የማታሳድር ዓይነት ናት። እንዲህ ያለ ሰው ጥቂት አይደለም፤ ሳያውቀው ኖሮ ሳያውቀው ያረጃል። እኛ ሐሰተኛ ጉድለት እንለዋለን። አንድን ሰው በቁመቱ አይቶ "ይህ ሥራ አይችልም" እንደማለት ነው። የናንተዋ ኃላፊ በቁመት ነው የለካችሽ።

ደስታዬን በወረቀት አልችለውም። የሥራ ባልደረባዬን አቅፌ መነጽሯን ሰበርኩባት።

አሁን ሄደሽ ንገሪያቸው! "ደህና ብሆን እንኳ ትንሽ ዝም ብዬ ቲያትሩን ልይ" ያልሽው ግን አልገባኝም። የምን ቲያትር ነው? ደጋግመሽ የምታነሻትስ ሳቂታ ማን ናት?

ታላቅሽ

ታኅሣሥ 2

እታለሜ፣

እጅሽ ይባረክ። ለእማዬ ነገርኳት፤ እግሬን ማየት ትታ ዓይኔን ማየት ጀመረች። ከእሷ በቀር ለማንም አልተናገርኩም። ለምን እንደሆነ እነሆ።

ሳቂታ የኔን ወንበር የወረሰችው ልጅ ናት፤ ወሬ ስትይዝ ሳቋ በኮሪደሩ ቀድሟት ይደርሳል። መቼም አንቺ ታውቂዋለሽ፣ የታማሚ ደም ሲለካ ከጎኑ የጤነኛ ሰው ደም አብሮ ይለካል። ያ ኮንትሮል ትክክል ካልመጣ የዕለቱ ሥራ ሁሉ ይጣላል፣ ታማሚውም እንደገና ይወጋል። ማጉያ ከኔ ጉድ በኋላ ምን አለች? "ከእንግዲህ ኮንትሮል የሚመጣው ከታወቀ ቤት ነው።" የታወቀው ቤት የማን ይመስልሻል? ልጇን ከራጅ ክፍል ጠርታ እጅጌውን አስጠቀለለችው!

ወረደ፣ እታለሜ። "ኬሚካሉ ተበላሽቷል" አለችና ጣሉት። አዲስ ተከፈተ፤ ወረደ። "ማቀዝቀዣው ነው" አለች፤ ጠጋኝ ተጠራ፤ ያም ወረደ። ትናንት ሳቂታ "ምናልባት እኮ ኮንትሮሉ ራሱ…" ብላ ስትጀምር ማጉያ "የኔን ልጅ ደም ነው?" ብላ አፈጠጠችባት። ልጅቷ ሳቋን ለመጨረስ ሽንት ቤት ገባች።

የኔው ዓይነት ደም! ያ "ባዶ" የተባለው እቤቷ ተወልዶ፣ እጇ ላይ ያደገ ነው። አንድ ቃል ብተነፍስ ነገሩ ያበቃል። አልተነፍስም። ይጣሉ፣ ደግመው ይጣሉ። ምርመራው እጇ ላይ ይሙትና የበላዮቿ "አንቺ ሴትዮ፣ ምን ስትሠሪ ከረምሽ?" ይበሏት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

አብሮ የሚጣለው ደም የማን ነው ብለሽ ግን አትጠይቂኝ።

ቁጡሽ

ታኅሣሥ 10

ሰላምታ የለኝም።

አብሮ የሚጣለው ደም የማን ነው? ስሙን የምትለጥፊው አንቺ ነሽ፤ አላውቅም እንዳትዪኝ።

ልገምት። ይህን ምርመራ ሰው በየሳምንቱ እየተመላለሰ የሚያሠራው አንድ ልጅ ታሞ ከኋላው ሌላ ሕፃን ሲኖር ነው። ተሳሳትኩ? እንግዲያው ስሚኝ። ታላቁ ላይ የተከመረውን ማንም አያወርድለትም። ታናሹን ግን ምልክቱ ሳይታይበት ካገኘነው የምናደርግለት አለ፤ የሌላ ሰው መቅኒ መትከል አለ፣ የራሱንም ሴል አስተካክሎ መመለስ አለ። እግሩ መሰናከል ከጀመረ በኋላ ግን እኛም እንደ እናቱ ቆመን ማየት ነው። አንቺና ሳቂታ በሳቃችሁ ቁጥር አንድ ሕፃን ሳምንት ይከፍላል።

አትበቀዪ አላልኩሽም። እኔም ያቺን ሴት ባገኛት ደህና ዋዪ አልላትም። ቢላሽን ግን ሕፃን ጀርባ ላይ አትሳዪው።

ታኅሣሥ 19

እታለሜ፣

ያደረግሁትን ያደረግሁት ደብዳቤሽ ሳይደርሰኝ ነው። ሌላውን ብትጠራጠሪኝ ይህን እመኚኝ።

ገምተሽ ተሳስተሽ አታውቂም። ሁለት ልጆች ናቸው፤ ታላቁ ወንድ፣ ትንሿ ሴት። እናትየው ስትመጣ ወንዱን በተሽከርካሪ ወንበር ትገፋለች፣ ትንሿን ታቅፋለች። የትንሿ ክንድ ላይ ሁሌ ጥጥ ተለጥፏል።

"እህቴ፣ ዛሬስ?" አለችኝ።

"ይደገም ተብሏል።"

"አሁንም? ምነው፣ የልጄ ደም አልጣማቸውም እንዴ?" ብላ ሳቀች። ሳቀች እኮ ነው የምልሽ! ከዚያ ወደ መስኮቱ ጠጋ አለችና "ትናንት ወንበር ይዛ ቆመች" አለችኝ፣ ቀስ ብላ። "ወንድሟም እንዲህ ሲቆም እልል ብዬ ነበር። አሁን ስትቆም ፈራሁ።"

መስኮቱን ዘግቼ ወጣሁ። ኩባያ የያዘው ሰልፈኛ ሁሉ "ኧረ ወዴት ነው? ኧረ እኛስ?" እያለ ይጮሃል። ላይ ላቦራቶሪው ስደርስ ምን እንዳልኩ መቼም ትጠይቂኛለሽ፤ ከሳቂታ ስሚው፣ እሷ ታሳምረዋለች። እኔ የማስታውሰው "እባክዎ ኮንትሮሉን ይቀይሩ" ብዬ መጀመሬን ነው። ስጨርስ ግን "ኬሚካሉም ደህና ነው፣ ማቀዝቀዣውም ደህና ነው፤ የወረደው ቤትሽ ነው!" እያልኩ ነበር። አንቱታው መሃል ላይ የት እንደወደቀ አላውቅም። ሠራተኛው ሁሉ ነበር። ልጇም ነበር፣ እጅጌውን እንደጠቀለለ።

የሳቂታን ደም ወሰዱ፤ ኮንትሮሉ ቀጥ ብሎ መጣ። የትንሿ ግን ወረደ። ይኸኛው እውነተኛው መውረድ ሳይሆን አይቀርም፣ እታለሜ። ደሟና ሽንቷ ወዳንቺ መንገድ ላይ ነው። ሾፌሩን ዓሣ ነው አላልኩትም፤ "ነፍስ ነው፣ ንዳ" አልኩት።

ማጉያ? ትናንት መስኮቴ ጋ መጣች፤ ወረፋ ይዛ!

"ልጄ ይሞታል?" አለችኝ። ያንን ሁሉ ተምራ እኔን ትጠይቀኛለች።

"እኔ ምን አውቃለሁ? ባዶ ደም አይደለሁ?"

"አንቺ ያሠራሽው ሌላ ምርመራ አለ አሉ።"

"አለ።"

"የት?"

"ረሳሁት" አልኳትና "ቀጣይ!" ብዬ ተጣራሁ። ሌሊቱን እንዴት ያለ እንቅልፍ ወሰደኝ መሰለሽ። የልጇ ናሙና እጅሽ ከገባ ውጤቱን መጀመሪያ ለእኔ ንገሪኝ። ደህና ከሆነ ደግሞ፣ እባክሽ፣ ትንሽ አዘግዪው።

ቁጡሽ

ጥር 6

ቁጡዬ፣

ላልሽው ለሁለቱም አይሆንም። አልነግርሽም፣ አላዘገይምም። ናሙናው ደርሶኛል፤ አድራሻዬን ማን እንደሰጠው ሳቂታን ጠይቂያት። ውጤቱ የሱ ነው፤ ለሱ ጽፌለታለሁ። ደግሞ የሰው ውጤት ሰው በተሰበሰበበት ተናገርሽ። ማጉያ ያደረገችብሽን ቁርጥ ያንኑ ነው በልጇ ላይ ያደረግሽው።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ትንሿ እዚህ ናት፣ ከእናቷ ጋር። ሽንቷ የጠረጠርነውን አረጋገጠ፤ በሽታው አለባት። ምልክት ግን አልታየባትም፤ ሐኪሞቹ ተቀብለዋታል። አንደኛው "ደርሳልናለች" አለ። ሌላኛው መዝገቧን እያየ "ቀደም ብላ ብትመጣ በወደድኩ" አለ። የትኛው ልክ እንደሆነ ጊዜ ይፈርዳል።

እናትየው ስምሽን አታውቀውም። "ያቺ የመስኮቷ ልጅ" እያለች ጠዋት ማታ ትመርቅሻለች። "ወረፋ ጥላ የሮጠችልኝ" ትላለች። እኔ አሜን እላለሁ፣ አንገቴን ደፍቼ። ከመሮጥሽ በፊት ዝም ያልሽበትን አልነገርኳትም፤ የኔ አይደለማ። እሱም የባለቤቱ ነው።

ታላቅሽ

ጥር 17

እታለሜ፣

ባትነግሪኝም ውጤቱን ከፊቱ አነበብኩት። እንደኔው ነው፤ ጤነኛ። ቀለበቱን ይዞ እቤት መጣ፣ እናቱ ከኋላው። እማዬ ወንበር አልሰጠቻትም። እማዬ! ለማንም የምትነሣው ሴት!

"እንግዲህ ልጆቹ እኩል ናቸው፤ ይሁን" አለች ማጉያ። ይሁን! የቸረችኝ መስሏት።

"ይህ ደም ለልጅዎ ከሰማይ አልወረደለትም" አልኳት። "አንዱ ወገን ከአባቱ ነው፣ አንዱ ከእርስዎ። የርስዎንም እንለካ። ክንድዎን ለእኔ ይስጡኝ፣ ሠራተኛው እያየ። ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።"

ትመጣለች ብዬ አልጠበቅሁም። መጣች። እጅጌዋን ጠቀለለች። የደም ሥሯ እንዴት ያምራል መሰለሽ፣ ከበር ይታያል። እኔ ግን ፈለግሁት። ይኸን ክንድ አየሁ፣ ያንን ክንድ አየሁ፣ መልሼ ወደዚህኛው መጣሁ፣ "ይጨብጡ፣ ይልቀቁ" አልኳት። "ዛሬ ምነው ጠፋብኝ?" አልኳት። ሳቂታ ኮሪደር ወጣች። ውጤቷንማ ለብቻዋ፣ ጆሮዋ ላይ ነገርኳት። ይህቺን ያደረግሁት ላንቺ ስል ነው።

ቀለበቱን አልወሰድኩም። "እናቴ ናት" ብሎ የተቀበለ ሰው "እናቴ ፈቀደች" ብሎ ሲመልስ አይጥመኝም።

ተጸጸትሽ ወይ ላልሽኝ፣ በማጉያ? ነገም ክንዷን ብትሰጠኝ ደም ሥሯን ስፈልግ እውላለሁ። የትንሿ እናት የምትመርቀኝ ምርቃት ግን ያልከፈልኩበት ዕቃ ሆኖብኛል። ሐሙስ እመጣለሁ። ሳምንታት ሙሉ ለምን እንደሚደገም እያወቅሁ "ይደገም ተብሏል" ስላት እንደነበር ራሴ እነግራታለሁ። ብትተፋብኝ አንቺ መሃል እንዳትገቢ።

ቁጡሽ

ዛሬ ሐሙስ ነው። የቁጡን ቦርሳ እስከ አውቶቡስ ተራ የያዝኩላት እኔ ጎረቤቷ ነኝ። መንገዱን ሙሉ የማጉያን ክንድ እያስመሰለች ስታስቀኝ ቆየችና፣ አውቶቡሱ ሲደርስ እጄን ጨብጣ "እኔ ብሆን ይቅር የምል ይመስልሻል?" አለችኝ። ምን ልበላት? ልብሷን እንኳ በስህተት የረገጠባትን ሰው ዓመት ሙሉ የማትረሳ ልጅ ናት። "አንቺ ብትሆኚማ አትዪም" አልኳት። "አዎ" አለችና ገባች፤ በመስኮትም አላየችኝም።

እናትየው ምን እንደምትላት አላውቅም። ቁጡ ስትመለስ አጥሩ ላይ ተደግፌ ታገኘኛለች። ምርቃቱ ጸንቶ ይሁን ተገልብጦ፣ ትንሿም ቆማ ትራመድ እንደሆነ፣ የሰማሁትን ሳልቀባባ አመጣላችኋለሁ።